የዋሊያስ ባንድን ሙዚቃ በሚገባ ለማዳመጥ፦ ከደብረ ብርሃን የአንድ የቆየ አድማጭ ምክር

የዋሊያስ ባንድን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ድምፃዊ በመጠበቅ ነው። ድራሙና ቤዙ ይገባሉ፣ ጊታሩ ይከተላል፣ አድማጩም ዘፋኙ አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያለ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ዘፋኝ ሳይመጣ ሙዚቃው ሲያልቅበት «ጥሩ ማጀቢያ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ነገር ዘፋኙ ከመጀመሪያው አንሥቶ እዚያው እንዳለ ነው። ዘፋኙ ኦርጋኑ ነው፤ ኦርጋኑን እንደ ዘፋኝ መስማት የቻለ ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ያገኘዋል።

ይህን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በደሴ መስመር ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ አንዳንዴም እስከ ኮምቦልቻ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ማርሹን ይቀንስና መብራቱን አብርቶ በዝግታ ወደ ዋሻው ይገባል፤ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲያያዘው ደግሞ ቴፑን ይከፍታል። ካሴቱ ላይ አንድም ቃል አልነበረም፤ አጎቴ ግን መሪውን በሁለት እጁ እንደ ያዘ ከኦርጋኑ ጋር እኩል ይዘፍን ነበር። ስንኙ ሲያልቅ ኦርጋኑም ያርፋል፤ አጎቴ ትንፋሽ ሲወስድ ኦርጋኑም ትንፋሽ የሚወስድ ይመስላል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዘፈን አይደለም» ብለው፣ «አንተ ቃሉን ስለማታውቀው ነው እንጂ እየዘፈነ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ይህን ባንድ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ፤ አጎቴ በዚያ ቁልቁለት ላይ ካለኝ የተሻለ መግቢያ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለ ባንዱ ጥቂት ማወቅ ለማዳመጥ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለደው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ በአሥር ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን በራሱ ተማረ፣ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍልም አገልግሏል። የከተማችን ወጣቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ በውጭ አገር አዳራሾች ስሙ የሚጠራን ሙዚቀኛ የትውልድ ከተማው ልጆች ሳያውቁት ሲቀሩ ያሳዝነኛል። ዋሊያስ የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ትልልቆቹ የሙዚቃ ቡድኖች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ፤ ዋሊያስ ግን የራሱን መሣሪያ ይዞ በራሱ ከሚተዳደሩት ቀደምት ባንዶች አንዱ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴልም ለዐሥር ዓመት ያህል ተጫወተ። ለሆቴል እንግዳ በየምሽቱ ለሰዓታት መጫወት ባንዱን ሁለት ነገር አስተምሮታል ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ ሳይቸኩሉ ምትን ጠብቆ መቆየት ነው፣ ሁለተኛው ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሳይቀር እንዲረዳው አድርጎ ዜማን መናገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ በስልክ ስፒከር ማዳመጥን ይተዉ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አይችልም፣ ስለዚህ በስልክ የሚሰሙት ዋሊያስ መሠረቱ የተቆረጠ ዋሊያስ ነው። የመላኬ ገብሬ ቤዝ ሳይሰማ የዚህን ባንድ ሙዚቃ ሰምቻለሁ ማለት አይቻልም። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ቴፕ ከነስፒከሩ ይበቃል። ስፒከሩን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርገው፣ በተቀመጡበት ጊዜ ከጆሮዎ እኩል እንዲሆን በወንበር ላይ ያስቀምጡት።

ቤትዎ ውስጥ የቆየ ካሴት ካለ እጅግ ዕድለኛ ነዎት፤ ይሁንና ካሴቱን ወዲያው ወደ ቴፕ አያስገቡት። የእኛ አገር ብርድ ለካሴት ከቆላው ሙቀት ይሻላል፤ ሸዋ ሮቢት የከረመ ካሴት ሽፋኑ ተጣሞ ክሩ ተጣብቆ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ብርዱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ከቀዝቃዛ ጓዳ ወጥቶ እሳት ወዳለበት ክፍል የገባ ካሴት እርጥበት ስለሚይዝ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ከዚያም ሳያጫውቱት እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ቀጥሎም እስከ መጀመሪያው ወደ ኋላ ያጠንጥኑት፤ ይህ ለዓመታት የተጣበቀውን ክር ያላቅቀዋል። ክሩን ከቴፑ ራስ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው ብረት፣ ጋር የሚያነካካውን ትንሽ ስፖንጅ ይመልከቱ፤ ከወደቀ ድምፁ እንደ ታፈነ ሆኖ ይወጣል፣ ከሌላ ከማይፈለግ ካሴት አውጥቶ በጥንቃቄ መለጠፍ ይቻላል። የቴፑን ራስ በጥጥና ከፋርማሲ በተገዛ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይጥረጉት። አረቄ የሚጠቀሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ አረቄ ውኃና ሌላ ነገር ስላለበት ራሱ ላይ ቅሪት ይተዋል። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከፈለጉ ሳይቆራረጥ ሁለቱንም ገጽ በሙሉ ይቅዱት፣ የክሩን እሽታም፣ ከሙዚቃው ሥር «ሽሽ» የሚለውን ድምፅ ማለቴ ነው፣ በፕሮግራም ለማጥፋት አይሞክሩ፤ እሽታውን የሚያጠፋው ፕሮግራም የድራሙን ሲምባልና የኦርጋኑን ጥርት ያለ ጫፍ አብሮ ይበላዋል።

መሣሪያው ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡና አራት ጊዜ ያዳምጡት። በመጀመሪያው ዙር ከቤዙ ሌላ ምንም አይከተሉ፤ አጭር ሐረግ እየደጋገመ የት ላይ እንደሚለውጣት ይጠብቁ። በሁለተኛው ዙር ድራሙን፣ ማለትም የድራም ተጫዋቹን የተማረ ሐረጉን ምት፣ ይከተሉና በእጅዎ ጭብጨባ ይያዙት። ምቱ ስድስት በስምንት ከሆነ፣ ያ ችክችካ የምንለው ነው፤ ስድስቱን ፈጣን ምት ሦስት ሦስት አድርገው ለሁለት ከፍለው አንደኛውና አራተኛው ላይ ቢያጨበጭቡ ትከሻዎ ራሱ ይነግርዎታል፣ በሰርግ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመማር አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። በሦስተኛው ዙር የሞገስ ሀብቴን ሳክስፎንና ሌሎቹን ትንፋሽ መሣሪያዎች ይስሙ፤ እነዚህ እንደ ዘፈን ተቀባዮች ናቸው፣ ኦርጋኑ ሲያወርድ ይቀበላሉ። በአራተኛው ዙር ኦርጋኑን ብቻ ይከተሉ። ይህ ቅደም ተከተል የእኔ ልማድ ነው፤ ከኦርጋኑ የጀመረ ሰው ግን ጣፋጩ ዜማ ስለሚወስደው ከሥር ያለውን ተሸካሚ ሳይሰማው ይቀራል፣ ተሸካሚውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ኦርጋኑ መቼ ከምቱ ቀድሞ፣ መቼ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሚዘፍን ይለያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ቃሉን ማወቅ ነው። ባንዱ ከሚጫወታቸው ዜማዎች ብዙዎቹ አባቶቻችን በቃል የሚያውቋቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከማዳመጥዎ በፊት ዜማውን ከነግጥሙ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ። እናትዎን፣ አክስትዎን፣ በሰፈሩ ያሉ አዛውንቶችን ይጠይቁ፤ የተዘፈነውን ቅጂ ካገኙም ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምተው ስንኙን ይያዙት። ከዚያ ወደ ዋሊያስ ተመልሰው ቃሉን በከንፈርዎ ብቻ እያሉ ይከተሉ። ያን ጊዜ ኃይሉ ማስረዘም የሚገባውን ፊደል እንደሚያስረዝም፣ ጠበቅ የሚለውን ፊደል ጠበቅ አድርጎ እንደሚመታ፣ ስንኙ በሚዘጋበት ቦታም እጁን እንደሚያነሣ ይሰማሉ። መሰንቆ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተት ይችላል፤ የኦርጋን ቁልፍ ግን አይንሸራተትም። ኃይሉ ይህን የሚክሰው ከዋናው ድምፅ በፊት ዐይን በሚጠቅስ ፍጥነት ጎረቤቱን ድምፅ ነካ አድርጎ በማለፍ ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ጆሮ ከሺህ ኦርጋን ተጫዋቾች መካከል ይለየዋል።

ቅኝቱንም፣ ማለትም ዜማው የቆመባቸውን አምስት ድምፆች፣ መለየት ይጠቅማል፤ የፒያኖ ፕሮግራም በስልክዎ ላይ ቢጭኑ ለዚህ ይበቃል። ከዶ ተነሥተው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢመቱ ትዝታን ያገኛሉ፤ ሚን እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጓቸው ያው ትዝታ ጨለም ይላል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ባቲ ነው። አምባሰል ዶ ብሎ ወዲያው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይወጣል፣ ቀጥሎ ፋ፣ ሶል፣ በመጨረሻም ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ይመጣል። አንቺ ሆዬ አምባሰልን በሚመስል አጀማመር ይነሣና ሶልን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላን ደግሞ በቦታው አድርጎ ይለያል፤ ለዚህም ነው ለጆሮ ከሁሉ የሚከብደው። የባቲና የአምባሰል ስም የወጣባቸው አገሮች ከእኛው መንገድ ወዲያ፣ በወሎ ያሉ ናቸው፤ አጎቴ ኮምቦልቻ ስንደርስ ወደ ባቲ የሚታጠፈውን መንገድ በጣቱ ያሳየኝ ነበር፣ እኔም ቅኝቱን ስሰማ እስካሁን ያ መታጠፊያ ይታየኛል።

የትኛውን ሥራ ማስቀደም እንደሚገባ አድማጮች አይስማሙም፤ የእኔን ልናገር። ከ«ቼ በለው» ይጀምሩ። ይህ በ1977 በካይፋ ሪከርድስ የወጣ ሸክላ ሲሆን ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን በተባለው፣ የብረት ቁልፎቹ በዱላ በሚመቱት መሣሪያ ተሳትፎበታል። «ቼ» በእኛ አገር ፈረስ ለማስኬድ የሚባል ቃል መሆኑን ለመንዝና ለቡልጋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው የባንዱ ምት ለምን እንዲያ እንደሚነዳ በወገቡ ይረዳዋል። በዚህ ሸክላ ላይ የማደንቀው ቁጥብነቱን ነው፤ ይህን ያህል ጎበዝ ሙዚቀኞች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ማንም ማንንም አይሸፍንም። በዚሁ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከባንዱ ሥራዎች ሁሉ በዓለም ዝነኛው ነው፤ ይሁን እንጂ ጀማሪ ከእርሱ እንዳይጀምር አጥብቄ እመክራለሁ። ተደጋጋሚው ሐረግ ሰውነትን ወዲያው ስለሚይዝ አድማጩ በዚያ ይረካና ኦርጋኑ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ ይቀራል። ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ሆኖ ይመጣልዎታል።

ቀጥሎ በ1975 በካሴት የወጣውን «ትዝታ»ን ያዳምጡ፤ በ2021 እንደገና ታትሟልና ማግኘቱ አይከብድም። ከልቤ የምወደው ይህንን ነው። ድምፁ እንደ ሸክላው የጠራ አይደለም፣ ነገር ግን ኦርጋኑ በዚህ ካሴት ላይ ከሁሉም ይበልጥ ለሰው ድምፅ ይቀርባል። በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራውን «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ከዚህ በኋላ ቢሰሙት ሌላ ባንድ ከሥሩ ሲቀየር ኦርጋኑ ምን ያህል እንደሚለወጥ፣ ምን ያህልስ ራሱን እንደሚሆን ያያሉ።

በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከፊሎቹ፣ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነ ጭምር፣ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ። ከእኔ የሚበልጡ አድናቂዎች ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደ ትርፍራፊ ይቆጥሩታል። እኔ ዛሬ በዚህ አልስማማም፤ ለብዙ ዓመት ግን ከእነርሱ ጋር ተሳስቻለሁ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሞግ የተባለውን ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ደራርቦ የቀዳውን ካሴት መጀመሪያ ስሰማ በማሽኑ ምት ተከፍቼ አስቀመጥሁት። የማሽን ድራም እንደ ሰው እጅ አያመነታም፣ አይቸኩልም፣ ስለዚህ ሙዚቃው ባዶ ቤት ውስጥ የሚሰማ መሰለኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ የኅዳር ሌሊት ውርጩ እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ እንደገና ከፈትሁት። ያ ባዶነት ራሱ ሥራው ነበር፤ ከጓደኞቹ የተለየ ሰው በባዕድ አገር ከአኮርዲዮኑ ጋር፣ ማለትም በ14 ዓመቱ ከተማረው መሣሪያ ጋር፣ ሲነጋገር ሰማሁ። ያ ካሴት በ2013 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ኃይሉ በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ባለው ጊዜ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ይህን ሥራ በቀን፣ በጫጫታ መካከል አያዳምጡት፤ ሌሊት፣ ብቻዎን፣ በዝቅተኛ ድምፅ ይሁን። በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ንም ከዚህ አስከትለው ይስሙት።

የመድረክ ሙዚቃ ደግሞ ሌላ ጆሮ ይጠይቃል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር፤ ባንዶቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። ግጥም ሁሉ በሳንሱር በሚያልፍበት በዚያ ጊዜ ቃል የሌለው ሙዚቃ ለሰሚው ምን ያህል ነገር ይሸከም እንደነበር መገመት ይቻላል። እኔ ለዚያ አልደረስሁም። በ2016 ብሩክሊን ውስጥ ኃይሉ ከቤዝ ተጫዋቹ ዓለምሰገድ ከበደና ከድራም ተጫዋቹ ኬኔት ጆሴፍ ጋር ያቀረበው ዝግጅት ግን ተቀድቶ በ2023 ወጥቷል፤ ለመለማመጃ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ሦስት ሰው ብቻ ስለሆኑ ተቀባዮቹ የሉም፤ ኦርጋኑ ራሱ አውርዶ ራሱ ሲቀበል ይሰማሉ፣ ቤዙም ባዶ የሆነውን ቦታ እንዴት እንደሚሞላው ይከታተላሉ።

ከደብረ ብርሃን ተነሥተው አዲስ አበባ የቀደምት ሙዚቀኞች ምሽት ለመታደም ካሰቡ 130 ኪሎ ሜትሩን በቀን ይጨርሱት፣ ማደሪያዎንም አስቀድመው ይያዙ፤ ከዝግጅት በኋላ በሌሊት ለመመለስ ማሰብ አእምሮን ከሙዚቃው ይከፍለዋል፣ መንገዱም ለዚያ ሰዓት አይመችም። አዳራሹ ውስጥ ከስፒከሮቹ ፊት አይቀመጡ፤ ከመድረኩ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛ ያህል ገባ ብለው፣ መሐል ላይ፣ የድምፅ ባለሙያው ካለበት አጠገብ ይቀመጡ፣ እርሱ የሚሰማውን እርስዎም ይሰማሉና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሥራዎች አይፍረዱባቸው፤ ድምፁ የሚስተካከለው፣ ጣቶችም የሚሞቁት ያን ጊዜ ነው። አንጋፋ ሙዚቀኛ እንደ ወጣትነቱ አይፈጥንም፤ እኔ በዕድሜ የገፉ ተጫዋቾችን ሳዳምጥ ፍጥነቱን ትቼ የሚተዉትን ድምፅ እቆጥራለሁ፣ በወጣትነታቸው አምስት ድምፅ ያኖሩበት ቦታ ላይ ዛሬ ሁለቱን መርጠው ሲያስቀምጡ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይበልጣሉ። ዘፈን በጩኸት አይዘዙ። ስልክዎንም ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት፤ ለመቅረጽ የተነሣ እጅ ከኋላ ያለውን ሰው ይጋርዳል፣ የተቀረጸውም በዚያው ቤዝ በሌለው ስፒከር የሚሰማ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አዳራሽ፣ ከዚህ ድረስ ተጉዤ ሄጄ የኦርጋኑ ድምፅ ከድራሙ ሥር ተቀብሮ አገኘሁት። ሰዉ እየበላና እያወራ ነበር፣ ማንም ያስተዋለ አይመስልም። ሁለት ሥራ ታግሼ፣ ከሦስተኛው በፊት ባለው ዕረፍት ወደ ድምፅ ባለሙያው ቀርቤ «ወንድሜ፣ ዘፋኙ አይሰማም» አልሁት። ድምፃዊ የለም ብሎ በግርምት ሲያየኝ ወደ ኦርጋኑ አመለከትሁት። ወዲያው ገባው፤ ድራሙን ትንሽ አወረደ፣ ኦርጋኑን ከፍ አደረገ፣ ከዚያ በኋላ አጠገባችን የነበረው ጠረጴዛ ወሬውን አቆመ። እርስዎም እንዲህ ካጋጠመዎት በትሕትናና በሁለት ሥራዎች መካከል ይንገሩ፤ ብዙ የድምፅ ባለሙያዎች ለዘፈን የለመዱ ስለሆኑ ኦርጋኑን እንደ አጃቢ ያስተካክሉታል እንጂ ክፋት የለባቸውም።

በማግሥቱ ወደ ቤት ሲመለሱ የሰሟቸውን ሥራዎች በስቱዲዮ ቅጂያቸው፣ በሰሟቸው ቅደም ተከተል፣ መንገድ ላይ ያዳምጧቸው፤ የመድረኩ ድምፅ ከጆሮ ሳይወጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። እኔ ትንሽ ደብተር እይዛለሁ፤ ከሰንዳፋ ጀምሬ ኦርጋኑ የት ላይ ስንኝ እንደ ጨመረ፣ የት ላይ እንደ ተወ እጽፋለሁ፣ አውቶቡሱ ጫጫን አልፎ የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ ሞልቼ እደርሳለሁ።